ጡሩምባው የማን ነው? ከነጋሪት እስከ ንፋስ ክላክስ

ቡሌ ሆራ ላይ መኪና መምጣቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ከዲላ የሚመጣው ዋና መንገድ ከተማዋን ለሁለት ሰንጥቆ ወደ ያቤሎና ወደ ሞያሌ ይወርዳል። የከተማዋ ሕይወት ደግሞ በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ባጃጅ ተሳፋሪ ያወርዳል፤ እንጨት የተጫነች አህያ ትሻገራለች፤ ተማሪ ደብተሩን ይዞ የመንገዱን ጠርዝ ይከተላል። ድንገት ከኋላ ያ ረጅም፣ ልብ የሚያርድ ጩኸት ይመጣል። ሰው ግራና ቀኝ ይበተናል፣ አህያዋ ባለችበት ድርቅ ትላለች፣ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያልፋል። ደንግጦ ዞር ያለው ሰው ታዲያ አስፈሪ ተሳቢ ሲጠብቅ የሚያየው አንዲት ሚኒባስ ሊሆን ይችላል። ድምፁ የተሳቢ ነው፣ አካሉ የሚኒባስ።

ያ ድምፅ ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። ባለቤቱ ከመለዋወጫ ሱቅ ገዝቶ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ወስዶ ያስገጠመው ነው። ገንዘብ አውጥቶ የገዛው ምንድነው ቢባል፣ መልሱ «ጡሩምባ» ብቻ አይደለም። የገዛው ሌላው ሰው ከመንገድ እንዲለቅለት የማድረግ ኃይል ነው። በዚህ አገር ሰውን በድምፅ ከመንገድ የማስወጣት ሥልጣን ረጅም ታሪክ አለው፤ ዛሬ መንገድ ላይ የሚሰማውን ለመረዳት ያንን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

▪️ ድምፅ ባለቤት በነበረው ዘመን

በድሮው ሥርዓት ከፍ ያለ ድምፅ እንደ ልብ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ነጋሪት የሚጎሰምለት ሰው ማንም አልነበረም፤ ነጋሪት የሹመት ምልክት ነበር። እምቢልታና መለከትም ከቤተ መንግሥትና ከታላላቅ መኳንንት ጋር የተያያዙ ነበሩ። አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነው። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ሕዝቡ ድምፁን ሲሰማ ማን እንዳስጎሰመው ያውቃል፤ ጉዳዩ የሁሉም እንደሆነም ይገባዋል።

ሹመት የሌለው ሕዝብም የራሱ ድምፅ ነበረው። በየከተማው ዕድር ከተስፋፋ ወዲህ ሌሊት ላይ የሚነፋ ጡሩምባ የሚያረዳው ሞትን ነው። ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ የሟችን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ያ ድምፅ እንቅልፍ ይቀሰቅሳል፣ ያስደነግጣል፤ ሆኖም የሚቀየመው ሰው የለም። የሚነፋው ለሁሉም ነው፤ ነፊው ይታወቃል፤ ምክንያቱም ይነገራል። በደቡቡ ቆላ ደግሞ የግመል አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የእንጨት ቃጭል እረኛው ጫካ ውስጥ የገባችበትን ግመል የሚያገኝበት ነው።

እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ድምፆች አንድ የሚጋሩት ጠባይ አለ። ድምፁን የሚያሰማው ሰው ይታወቃል፣ ለምን እንዳሰማም ይጠየቃል።

▪️ ክላክስ የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ይዞት የመጣው ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። በዚያው ጊዜ አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ሚለር ሪስ ሃቺሰን የተባለ የፈጠራ ሰው የሠራው የኤሌክትሪክ ጡሩምባ «ክላክሰን» በሚል የንግድ ስም ገበያ ወጣ። ስሙ «መጮኽ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። የሚገርመው ሃቺሰን ከዚያ ቀደም ጆሯቸው ለከበዳቸው ሰዎች የኤሌክትሪክ ማዳመጫ የሠራ ሰው መሆኑ ነው። መጀመሪያ መስማት ለተሳናቸው መሣሪያ ሠራ፤ ቀጥሎ የሚሰማውን ሁሉ የሚያደነቁር።

የንግድ ስሙ አውሮፓ ተሻግሮ የዕቃው መጠሪያ ሆነ። ጣሊያኖች «ክላክሰን» አሉት፣ ከእነሱ አማርኛው «ክላክስ» ብሎ ወሰደው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ፓራውልት የሚሉት ቃላትም በዚሁ በር የገቡ ናቸው። የኢትዮጵያ ጋራዥ እስከ ዛሬ ግማሽ ቋንቋው ጣሊያንኛ ነው። ይህ ቋንቋ በሰላም ብቻ እንዳልመጣ ግን የደቡብ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል።

▪️ ሞተር በጦርነት ወደ ደቡብ መጣ

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር በደቡብ በኩል በጄኔራል ሩዶልፎ ግራዚያኒ እየተመራ ከዶሎ ተነሣ። ከፊቱ የቆመው በራስ ደስታ ዳምጠው የሚመራው የኢትዮጵያ ሠራዊት ነበር። ግራዚያኒ የተማመነው በእግረኛ ብዛት ሳይሆን በመኪና ነው። ከአሜሪካ ጭምር የተገዙ የጭነት መኪኖችንና ትራክተሮችን አሰባስቦ፣ አውሮፕላን ከላይ እየደበደበለት፣ በገናሌ ዶሪያ በኩል ገፋ። በጥር ወር፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ነገሌ ቦረና በእጁ ገባች። በኋላም የጣሊያን መንግሥት «የነገሌ ማርኪስ» የሚል ማዕረግ ሰጠው። ራስ ደስታ ከዚያ በኋላም መዋጋታቸውን ሳያቆሙ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ።

ስለዚህ በነገሌና በአካባቢዋ መኪና በብዛት የተሰማው የወራሪ ድምፅ ሆኖ ነው። የሞተር ጩኸት ሲሰማ ሰው መንገድ ለቆ ጫካ ይገባ ነበር፤ ይህም ለነፍስ ሲባል ነው። ጣሊያን ሲወጣ መኪኖቹም፣ መካኒክነቱም፣ ቃላቱም ቀሩ። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን ሹፌሮች ያንኑ መሪ ጨብጠው ሌላ ዓይነት ታሪክ ጀመሩ።

▪️ የሹፌሮች ቋንቋ

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ መንገድም ቀስ በቀስ ወደየክፍለ ሀገሩ ተዘረጋ። በዚህ መንገድ ላይ ለአሥርት ዓመታት የነገሠው ፊያት ነው። «ኤንትሬ» የሚባለውን የፊያት የጭነት መኪና የማያውቅ የዚያ ዘመን ነጋዴ የለም። ቡና ወደ መሃል አገር፣ ጨውና ጨርቅ ወደ ደቡብ ያመላለሰው እሱ ነው። የዛሬዋ ቡሌ ሆራ ያኔ ሀገረ ማርያም ትባል ነበር፤ ሹፌር ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት በልቶ፣ ጎማ አስነፍቶ፣ ውኃ ሞልቶ የሚነሣባት ከተማ ነበረች።

በጠባብ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጡሩምባ እውነተኛ ሥራ ነበረው። ከወዲያ የሚመጣው በማይታይበት መታጠፊያ ላይ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ መንፋት «እዚህ አለሁ» ማለት ነው። ከወዲያ መልስ ከተሰማ አንዱ ጠርዝ ይዞ ይቆማል፤ ሌላው ያልፋል። አጭር ድምፅ ምስጋና ሆነ፣ ሁለት አጭር ሰላምታ። ረዳቱ ከኋላ ሆኖ በእጁ አካሉን ሲመታ፣ ሹፌሩ በጡሩምባ ይመልስለታል። ይህ ንግግር ነበር፤ ተናጋሪም አድማጭም ነበረው።

ከፍሬን ጋር ያለው ዝምድናም መታወቅ አለበት። ከባድ መኪና በንፋስ ፍሬን መሥራት ሲጀምር ሞተሩ የሚያዞረው ኮምፕረሰር ንፋስ ጨምቆ ታንክ ውስጥ ያጠራቅማል። ያ ንፋስ ፍሬኑን ይይዛል፤ ከተረፈው ጥቂቱ በትንሽ ቫልቭ በኩል ወደ ረጅሙ ጡሩምባ ሲለቀቅ ውስጡ ያለች ስስ ሽፋን ትርገበገባለች፤ ድምፁ ይወጣል። የተሳቢ ጡሩምባ ወፍራም የሆነው ከዚህ ነው። ድምፁ የክብደቱ ማስረጃ ነበር፦ «እኔ ቶሎ መቆም አልችልም፣ ስለዚህ ቀድሜ እነግርሃለሁ» የሚል።

▪️ ድምፅ ከአካል ሲለይ

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ የተደገፈው የሞምባሳ–ናይሮቢ–አዲስ አበባ ኮሪደር ከቡሌ ሆራ ወደ ያቤሎና ሜጋ የሚወስደውን መንገድ አደሰው። በኬንያ በኩልም ከኢሲኦሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የጠጠር መንገድ አስፋልት ሆነ። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ተመረቀ። መንገዱ ሲለሰልስ ፍጥነት ጨመረ። ከፊያቶቹ ጎን አይሱዙ፣ ቅጥቅጥ፣ አባዱላ፣ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል ተሰለፉ። በዚሁ መካከል ንፋስ ጡሩምባ ከከባድ መኪና ወርዶ በየሱቁ በካርቶን የሚሸጥ ዕቃ ሆነ።

ሚኒባስ ንፋስ ፍሬን የላትም፤ ስለዚህ ከጡሩምባው ጋር ትንሽ የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር ይገጠማል። አገጣጠሙ ለሚያውቀው ቀላል ነው። ኮምፕረሰሩ ከ15 እስከ 20 አምፔር ሊወስድ ይችላል፤ መሪ ላይ ያለችው የጡሩምባ ቁልፍና ቀጭኗ ሽቦ ግን ለዚህ አልተሠሩም። ስለሆነም ሪሌ ያስፈልጋል። የድሮው የጡሩምባ ሽቦ ሪሌውን ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ 85 እና 86 በተባሉት እግሮች። ከባትሪው የሚመጣው ወፍራም ሽቦ በፊውዝ አልፎ 30 ላይ ይገባል፤ ከ87 ወጥቶ ኮምፕረሰሩን ያዞራል። ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ መሆን አለበት፤ ሽቦው በስለት ብረት ላይ እንዳይፈተግ መሸፈን አለበት።

ችግሩ ይህ ሁሉ ጊዜ የማይደረግ መሆኑ ነው። ሪሌ ሳይገባ ሲቀር መጀመሪያ ቁልፏ ትቃጠላለች። ፊውዝ ሳይገባ ሲቀር ኮፈን ሥር የተፈተገ ሽቦ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አይሱዙ ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ነው፤ በ12 ቮልት የሚሠራ ኮምፕረሰር ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ላይ ብቻ ሲወሰድ አንዱ ባትሪ እየደከመ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል። ከሁሉ የከፋው ግን ከባድ መኪና ላይ የሚደረገው ነው። የፋብሪካው ሥራ ጡሩምባው ከፍሬኑ በተለየ መስመር ንፋስ እንዲያገኝ፣ በመካከልም መከላከያ ቫልቭ እንዲኖር ያደርጋል። ተጨማሪ ጡሩምባ የሚያስገጥም ሰው ግን ለአቋራጭ ሲባል ቱቦውን ከፍሬን ታንክ ላይ በቀጥታ ካስቀጠለ፣ አንዲት የላላች ማያያዣ ፍሬን የሚይዘውን ንፋስ ታፈሳለች። ቁልቁለት ላይ ከዚህ በላይ አደጋ የለም። ሰውን ከመንገድ ለማስለቀቅ የተገዛ ዕቃ ራሱን መኪናውን ማቆሚያ ያሳጣዋል።

ሽቦው በትክክል ቢገጠም እንኳ የሚቀር ነገር አለ። ድምፁ ስለ መኪናው የሚናገረው እውነት አይደለም። የተሳቢ ጡሩምባ «ቶሎ መቆም አልችልም» ይላል፣ ሚኒባስ ግን መቆም ትችላለች። መቆም እየቻሉ «አልችልም» ብሎ መጮኽ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ይሆናል።

▪️ ሕጉ ከማን ጎን ነው?

ዓለም ይህን ጥያቄ ቀድሞ ተጠይቋል። ፓሪስ በአውሮፓውያን 1954 በከተማው ውስጥ ክላክስ መንፋትን ከለከለች። በ1968 የተፈረመው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በድምፅ ማስጠንቀቅ የሚፈቀደው አደጋን ለማስቀረት፣ ከከተማ ውጭም ቀድሞ ለማለፍ ለማሳወቅ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ድምፁ ወጥ፣ የማይቆራረጥና የማይሰቀጥጥ እንዲሆንም ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት 28ኛ የተሽከርካሪ ደንብ ደግሞ በቁጥር ይናገራል፦ መኪና ላይ የተገጠመ ጡሩምባ በ7 ሜትር ርቀት ሲለካ ከ112 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። ሕንድ ዜማ የሚቀያይር ጡሩምባን በተሽከርካሪ ደንቧ ከልክላለች። ካርቶን ላይ «150 ዴሲቤል» ተብሎ የሚታተመው ብዙውን ጊዜ የሻጭ ማጋነን ቢሆንም፣ ገዢው የሚፈልገው ምን እንደሆነ ይናገራል። በዚህ መለኪያ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት አሥር እጥፍ ያድጋል።

በኢትዮጵያም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅ የሚፈቀድ ከፍተኛ ልክ እንዲወጣ ያዛል። ነገር ግን ጡሩምባን በተመለከተ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ስለ ጡሩምባ ምንም የማያነሣ አንቀጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ላይ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ከዚህ የሚያመልጠው በዋነኛነት የተጎጂው ጥፋት ሲረጋገጥ ነው። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ከባዱንና ፈጣኑን መሣሪያ ወደ ሰው መካከል ያስገባው ሰው ነው መጠንቀቅ ያለበት።

ንፋስ ጡሩምባ የሚያደርገው ግን ከዚህ ተቃራኒውን ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ «ጡሩምባ ነፍቼለት ነበር» የሚለውን ቃል ያልሰማ የደቡብ መንገደኛ የለም። ይህ ቃል ኃላፊነትን ከባለመኪናው አንሥቶ እግረኛው፣ ሕፃኑ፣ አህያዋ ላይ ይጭናል። ሕጉ «አንተ ተጠንቀቅ» ያለውን ሰው ጡሩምባው «እነሱ ይጠንቀቁ» ያስብለዋል።

▪️ የሹፌሩም ወገን ይሰማ

በሹፌሩ ላይ ብቻ መፍረድም አግባብ አይደለም። ባጃጅ ሳያይ ከጎን ይገባል። ከዱብሉቅ ገበያ የሚመለስ የከብት መንጋ አስፋልቱን ይሞላል። ማታ መብራት የሌለው ጋሪ ድንገት ይገኛል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ከተማ ሰው ሁሉ አስፋልት ላይ ይሄዳል፤ ሌላ የሚሄድበት የለውም። ጡሩምባ አብዝቶ የሚነፋ ሹፌር ውስጡ ፍርሃት አለ፤ ሰው ቢገጭ እስር አለ፣ ካሳ አለ፣ ሽማግሌ ፊት መቆም አለ፣ ዕድሜ ልክ የማይለቅ ጸጸት አለ።

ቢሆንም ፍርሃቱን ጡሩምባው አያቃልልለትም። ከብት በድንገተኛ ጩኸት ይበረግጋል፤ የበረገገ ጥጃ ወደ የት እንደሚዘል አይታወቅም። ልምድ ያለው የቦረና መንገድ ሹፌር መንጋ ሲያይ ቀዝቀዝ ብሎ ይጠጋል፣ እረኛውን በእጁ ይጠቅሰዋል፣ መንጋው እስኪከፈል ይጠብቃል። ያ ሹፌር ፍሬን እንጂ ጡሩምባ አይደለም የሚያምነው። ከተማ ውስጥም እንዲሁ ነው። ሰው ዕለት ዕለት ያለ ምክንያት ከተጮኸበት ጆሮው ይለምደዋል፤ የለመደ ጆሮ ደግሞ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ የመጣ ቀን አይሰማም። የዕድር ጡሩምባ ሁሉን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚነፋ ነው።

▪️ ምን ይደረግ?

መፍትሔው ጡሩምባን ሁሉ መንቀል አይደለም። ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ከባድ መኪና የንፋስ ጡሩምባ ያስፈልገዋል። የድሮ ሹፌሮች ያንን ቋንቋ የፈጠሩት በከንቱ አልነበረም። የሚያስፈልገው የመንገዱንና የከተማውን ድምፅ መለየት ነው። ይህም አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ብዙ ከባድ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ በኤሌክትሪኩና በንፋሱ ጡሩምባ መካከል የሚመርጥ ማብሪያ ይዘው ከፋብሪካ ይወጣሉ። አንዱ ለከተማ፣ ሌላው ለሜዳ።

ይህን ለማድረግ ጋራዡ ውስጥ የሚጨመረው አንዲት ማብሪያና ጥቂት ሽቦ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የፋብሪካውን ጡሩምባ ነቅሎ ከመጣል ይልቅ በቦታው ትቶ፣ መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ለእሱ ቢያቆይ፣ ንፋሱን ደግሞ ለብቻው ማብሪያ ቢያስይዘው፣ ሹፌሩ በነፋ ቁጥር የመምረጥ ዕድል ያገኛል። ሪሌና ፊውዝ የሌለበትን ሥራ፣ ከፍሬን ታንክ በቀጥታ የተቀጠለን ቱቦ «አልሠራም» ማለትም የእሱ ሙያ ነው። የመኪና ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ተቋማት ፍሬንና መብራት እንደሚያዩ ሁሉ ጡሩምባው ከየት ንፋስ እንደሚወስድ ቢያዩ ብዙ ነፍስ ይተርፋል። የከተማ አስተዳደሮችም እግረኛው የሚሄድበት ጠርዝ ሳይሠሩ ሹፌሩን ብቻ ቢቀጡ ግማሽ ሥራ ነው የሚሆነው።

ነጋሪት ያስጎሰመ ሹም ምን ሊያውጅ እንደሆነ ይናገር ነበር። የዕድር ጡሩምባ ነፊ የሟቹን ስም ሳይጠራ አያልፍም። ዛሬ በቡሌ ሆራ ዋና መንገድ ላይ የሚነፋው ጡሩምባ ግን ስም የለውም፣ ምክንያት አይናገርም፣ ተጠያቂም የለውም። ያቺ እንጨት የተጫነች አህያ ከመንገዱ እስክትወጣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያንን አንድ ደቂቃ ፍሬን ይዞ መጠበቅ የሚችል ሹፌር ጡሩምባው ባይነፋም መንገዱ ያከብረዋል።